ውሃ የማያረካው ሚኒባስ

ባለፈው ሰሞን ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ታቦር ስመለስ የተሳፈርኩበት መኪና ከአለም በር ሽቅብ ሲያያዘው ማጓራት ጀመረና ዳር ይዞ ቆመ። ሾፌሩ የጋቢናውን ወንበር ብድግ አደረገው። የጋለ ብረትና የፈላ ውሃ ሽታ ከነወበቁ መጥቶ ፊቴን መታኝ። ሾፌሩ የውሃውን ክዳን በጨርቅ ጨብጦ ሊያዞረው ሲል፣ ሳላስበው «ተወው፣ ይብረድ። ፊትህን ይልጠዋል» አልኩት። ዞር ብሎ መካኒክ ነሽ እንዴ አለኝ። መካኒክ አይደለሁም፤ መንጃ ፈቃድም የለኝም። ነገር ግን የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አንድ በጋ ሙሉ የአንድ ሚኒባስ ውሃ ጠባቂ ነበርኩ። በዚያ በጋ እንቅልፍ የሚሉትን ነገር በቅጡ አግኝቼዋለሁ ብዬ አላምንም።

ሚኒባሱ የእታለም ነበር። እታለም የእናቴ ታናሽ እህት ናት። ስሟ እናንዬ ቢሆንም እኔ አፌን ከፈታሁ ጀምሮ እታለም ነው የምላት። ዓረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ በገና ሰሞን ተመለሰች። ጎረቤቱ ሁሉ ወርቅና ሻንጣ ሲጠብቅ እሷ ያጠራቀመችውን በሙሉ አንድ አሮጌ ነጭ ሚኒባስ ላይ አፈሰሰችው። አባቴ ከሞተ ወዲህ እኔና እናቴ የምንኖርበት ግቢ ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። በሩ ለከብት እንጂ ለመኪና አልተሠራም ነበርና አጥሩ ፈርሶ ገባ። ሾፌርነቱን አያ ስማቸው ያዙት። ዕድሜያቸውን ጭነት መኪና ላይ የጨረሱ፣ ቆመው ሲያወሩም እንኳ መንገድ የሚያዩ የሚመስሉ ሽማግሌ ነበሩ።

እታለም መቀመጥ አትችልም። ምሳ ስትበላ ቆማ ነው፤ ሰው ሲመጣ የምትጨዋወተው የበሩን መቃን ይዛ ነው። እናቴ በርጩማ ስታቀርብላት እሺ ትልና ወዲያው ተነስታ የታጠበ ዕቃ ደግማ ታጥባለች። ንጋት ላይ ግቢውን ስትዞር የነጠላ ጫማዋን ድምፅ ከአልጋዬ እሰማለሁ። እናቴ ይኼን አትወድም፤ እኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር። ቀልቃላ የምባለው እኔ ነኝና፣ በቤታችን ለመጀመሪያ ጊዜ ቢጤዬን አገኘሁ። ሁለታችን ገበያ ስንሄድ ሰው የሚያሳድደን ይመስል ነበር።

መኪናው ሥራ በጀመረ ብዙም ሳይቆይ ውሃ አልበቃው አለ። ሞተሩን የሚያበርድ ውሃ አለ፣ ራዲያተር የሚባለው ቤቱ ነው ብለው አያ ስማቸው አስረዱኝ። እኔ የገባኝ ሆድ እንዳለው ነው። ማታ የሞላነው ሆድ ጠዋት ጎድሎ ይገኛል። ያ ደግሞ በጋ ነው። የሰፈሩ ቦኖ የሚከፈተው በተራ፣ ያውም ደስ ሲለው ነው። ጀሪካን አሰልፈን ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን፤ ማለቴ ሌሎቹ ቁጭ ይላሉ፣ እኔ በሰልፉ ዙሪያ እሮጣለሁ። ያ ሁሉ ተጠብቆ የመጣው ውሃ ከድስቱ በፊት ለመኪናው ይቀዳል። እናቴ አንድ ቀን ባዶውን ጀሪካን ገልብጣ እያየች፣ ሰው ሳይጠጣ ብረት የሚጠጣበት ዘመን ላይ ደረስን አለች። እኔ ለመኪናው አዘንኩለት። ላም እንኳ ይኼን ያህል አትጠጣም፤ ይኼ ፍጡር ምን ቢያቃጥለው ነው እያልኩ በሩን እደባብሰው ነበር።

አንድ ጠዋት እናቴን እታለም ትመለሳለች ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ዓረብ አገር ማለቴ ነበር። እናቴ ሽሮ እያማሰለች ነበር፤ ማማሰሉን አላቆመችም።

«መኪናው ከሠራ ምን ልሁን ብላ ትሄዳለች? ከሞተ ግን ምን ይዛ ትቀመጣለች፣ ልጄ? ጸልዪ» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የራዲያተሩ ውሃ ለእኔ ውሃ መሆኑ ቀረ። እታለም እኛ ጋ የምትቆይበት ልክ ሆነ። አያ ስማቸው የመቆጣጠሩን ሥራ ለእኔ የሰጡኝም ያን ሰሞን ነው፤ ጎንበስ ማለት ወገባቸውን ያማቸው ነበር። ትክክለኛው ልክ የሚታወቀው ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ ነው አሉኝ። ሲሞቅ ከከፈትሽው ተናግሬያለሁ፣ ፊትሽን ይልጥሻል አሉ፤ ክንዳቸው ላይ ያለውን ጠባሳ ገልጠውም አሳዩኝ። ዘይት የሚለካበትንም ቀጭን ብረት መዝዤ፣ በጨርቅ ጠርጌ፣ መልሼ ከትቼ እንዳወጣው አስተማሩኝ። ዘይቱ መልኩን ቀይሮ ወተት ከመሰለ ውሃው ወደ ሞተሩ ውስጥ ገባ ማለት ነው፣ ያን ጊዜ ጉድ ነው አሉ። በየቀኑ ወተት ፈለግሁ። ጥቁር ብቻ ነው። ዐቢይ ጾም ላይ ስለነበርን መኪናውም ወተት አለመንካቱ ተገቢ መሰለኝ።

ጠዋት ጠዋት ወንበሩን በትከሻዬ ደግፌ አነሳለሁ፣ ክዳኑን አዞራለሁ፣ ጣቴን እከታለሁ። ጣቴ ደርቆ ሲወጣ ደግሜ እከተዋለሁ። እታለም ሻይዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ጎድሏል ስላት ሻይዋን መሬት ላይ ትደፋና ወደ ጀሪካኑ ትሄዳለች። ጎድሏል የምለው እኔ ስለሆንኩ ጉድለቱን የማመጣው እኔ መሰለኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ብናገረው ይሻል ይሆን ብዬ ሁሉ ሞክሬያለሁ።

የሚያስጨንቀው ውሃው የሚሄድበት አለመታወቁ ነበር። እታለም ነጭ የማዳበሪያ ጆንያ ቀድዳ፣ ገልብጣ፣ ከመኪናው ሥር አነጠፈችው። የሚንጠባጠብ ካለ ይታያል ብላ ነው። ጠዋት በደረቴ ተኝቼ ሳየው ጆንያው እንደ ትናንቱ ደረቅ ነው። አቧራና አንድ ጥንዚዛ ብቻ። በማግስቱም እንደዚያው። አንዲት ጎረቤታችን አጥሩ ላይ ተደግፋ ስታየን ቆየችና፣ ሳያፈስ የሚጎድል ነገር ዓይን የበላው ነው፣ አጫጭሱት ብላ ሄደች። እታለም ዓይን ውሃ ሲጠጣ አላየሁም ብላ ሳቀች፤ እኔ ግን ያችን ሴትዮ ከዚያ በኋላ ሳያት መኪናው ፊት ቆሜ እጋርደው ነበር።

ወንዛዬ የሄድነው ቅዳሜ ነው። ፍል ውሃው ቁርጥማት ያለበትን፣ ቆዳው የሚያሳክከውን ሁሉ ስለሚያሽል በበጋ ተጓዡ ብዙ ነው፤ ሚኒባሱም ቅዳሜና እሁድ እዚያ ይመላለስ ነበር። እታለም ይዛኝ ሄደች። ስንመለስ ተሳፋሪው ሁሉ ታጥቦ ቀልቶ፣ እግሩ ሥር ቢጫ ጀሪካን አስቀምጧል፤ መሄድ ላልቻለ ሕመምተኛ ከውሃው ይዞ መሄድ ልማድ ነው። አለም በርን አልፈን ሽቅብ ስንጀምር የተቀመጥኩበት ወንበር አቃጠለኝ። ከሥሬ ሲንተከተክ ይሰማኛል። አያ ስማቸው መኪናውን ዳር አውጥተው አጠፉት።

ይዘነው የሄድነውን ውሃ መንገድ ላይ ጨርሰነዋል። በአካባቢው ያለው ወንዝ አሸዋ ሆኗል። እስኪበርድ ጠበቅን፤ ክዳኑ ሲከፈት ውስጡ ባዶ ነበር። እታለም በአስፋልቱ ዳር ወዲህና ወዲያ ትላለች፣ እኔ ከኋላ ከኋላዋ። በቃ፣ ዛሬ ሞተ፣ ነገ ትሄዳለች እያልኩ ነበር። በዚህ መሃል ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ጀሪካናቸውን እየጎተቱ ወረዱ። አያ ስማቸው የሚያደርጉት ገባቸውና፣ ኧረ አይሆንም፣ ለበሽተኛ የያዙትን ብለው እጃቸውን ያዟቸው።

«ለባለቤቴ ነበር የያዝኩት፤ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት» አሉ ሽማግሌው። «ታዲያ ይኼስ ታሞ የለ? ይጠጣ። ካልደረስኩማ ውሃው ብቻውን ምን ያደርግላታል?»

በስመ አብ ብለው አፈሰሱት። ከዚያ ሌላውም ቁጭ ብሎ ማየት አልቻለም፤ ሁሉም ከየጀሪካኑ እየቀነሰ አንድ በአንድ ቀዳለት። አንዲት ሴት መጨረሻ ላይ እፍኝ ሙሉ ውሃ የመኪናው ግንባር ላይ ረጨች። ቤታችን ገባን። እናቴ ታሪኩን ስትሰማ አለቀሰች። የሰውን ቁርጥማት የሚፈታ ውሃ ብረት አያቅተውም አለች። አያ ስማቸውም ከዚያ ወዲያ ከወንዛዬ ሲመለሱ ጀሪካኖቹን ሁሉ ሞልተው መምጣት ጀመሩ፤ የቦኖው ሰልፍም ቀረልን።

ተአምሩን ልንገራችሁ፤ መጉደሉ ቆመ። ሰንበትበት ሲል በየጠዋቱ ጣቴ እየራሰ ይወጣል። ሙሉ ነው ብዬ ስናገር ድምፄ ጎረቤት ይሰማል። ግን ሳንጠግበው ሌላ ጣጣ መጣ። ውሃው ሞልቶ ሳለ መኪናው ይፈላል። ዳገት ሳያይ፣ ሜዳ ላይ ይፈላል። አያ ስማቸው ራሳቸውን እያከኩ፣ ሲጎድል መፍላቱ ደንብ ነው፣ ሞልቶ መፍላቱን ግን አላውቅለትም አሉ። እታለም በዚያ ሳምንት ግቢውን ስትዞር ትውላለች። ስልክ ሲደወልላት ወደ ባሕር ዛፎቹ ሥር ሄዳ በዓረብኛ ታወራለች። እናቴ በሩ ላይ ቆማ የሷን ጀርባ ታያለች፣ እኔ የእናቴን ፊት አያለሁ።

ታዲያ እኔ አንድ ነገር አግኝቼ ነበር። የራዲያተሩ አፍ ዙሪያ፣ ክዳኑ ውስጥ፣ ነጭ ነገር አብቅሎ አየሁ። በጥፍሬ ስፍቀው እየተፈረፈረ ይወጣል። ብቀምሰው ጣዕም የለውም። ምን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብኝም፤ እምነት ነው። ከቤተ ክርስቲያን የምናመጣው፣ ግንባራችንን የምንቀባው አመድ የመሰለው በረከት። ያ ሁሉ የታመመ ሰው በስመ አብ ብሎ ያፈሰሰው ውሃ እምነቱን እዚያ ሳይተው አልቀረም። ጠዋት ጠዋት ከላዩ ፍቄ ግንባሬን መቀባት ጀመርኩ። እታለምን አትውሰድብን ብዬ ነው የምቀባው።

አንድ ጠዋት እታለም አገጬን ይዛ ቀና አደረገችኝ።

«ግንባርሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«እምነት።»

«ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን?»

«ከመኪናው።»

ወሰድኳትና ክዳኑን ከፍቼ አሳየኋት። ነጩን በጣቷ አሸት አሸት አድርጋ አየችው። ከዚያ ከመጣች ጀምሮ ያላደረገችውን አደረገች፤ የመኪናው ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። ሆዷን ይዛ ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«የማዳም ማንቆርቆሪያ» አለች። «በየሳምንቱ እንዲህ ነጭ ያበቅል ነበር። ካላጸዳሁት ውሃው ቶሎ አይፈላላትም፣ ትጮህብኛለች። ውሃው ራሱ ነው የሚተወው፤ የኖራ ዓይነት ነገር ነው። ይኼ መኪና ኖራ ጠጥቶ ጉሮሮው ተዘግቷል።»

ማንቆርቆሪያው በምን ይጸዳ ነበር ብዬ ጠየቅኋት። በሎሚ አለችኝ።

በማግስቱ ገበያ ላይ ያገኘነውን ሎሚ ሁሉ ለቀምን፤ ከእብናት በኩል ከቆላው የመጣ ትንንሽ፣ ቆዳው ስስ ሎሚ ነበር። ቀኑን ሙሉ ጨመቅን። የተሰነጠቀው እጄ እንደ እሳት ፈጀኝ፤ ግን ማቆም አልፈለግሁም። እናቴ በጸበል ላይ ሎሚ ማፍሰስ ኃጢአት እንዳይሆን ብትጨነቅም ወዲያው መጥታ መጭመቅ ጀመረች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ አንዱን ሳህን እኔው ደፋሁት። አጥልለን፣ ከውሃ ጋር ቀላቅለን ቀዳንለት። አያ ስማቸው ሞተሩን አስነስተው አቆዩት፤ ሲበርድ ከሥር ከፈቱት። የወጣው ነገር የጠላ አተላ ይመስል ነበር። ደጋግመን አጠብን። መጨረሻ ላይ ጥሩ ውሃ ሞልተን መኪናው ሰፈሩን ሁለቴ ዞሮ መጣ፤ አልፈላም። ወንበሩ ላይ እጄን ባደርግ ለብ ያለ ብቻ ነው።

ደስታዬ ጆንያው ላይ አለቀ። ስመለከት ጆንያው ረጥቧል። ጠብ። ትንሽ ቆይቶ ጠብ። እስከዚያ ቀን ከሥሩ አንድ ጠብታ ያላየንበት መኪና ያፈስሳል። አፈረስነው ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ። ሎሚው ሆዱን በሳው፣ እምነቱን ፍቄ የጣልኩት እኔ ነኝ አልኩ። አያ ስማቸው ወገባቸውን ይዘው እንደምንም ጎንበስ አሉ፤ በባትሪ እያበሩ ብዙ አዩ። ሲነሱ ፊታቸው በርቷል።

«አታልቅሺ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ይኸው ዛሬ ተናዘዘ» አሉ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ውሃውን የሚገፋው ፓምፕ ከመጀመሪያውም ያፈስስ ነበር። ጠብታው ግን የጋለው ብረት ላይ እያረፈ፣ መሬት ሳይደርስ ይተናል፤ ጆንያችን የደረቀው ለዚህ ነው። የወንዛዬ ውሃ ኖራ ደግሞ ቀዳዳውን ደፈነልን፤ ተአምር ያልነው እሱን ነው። ደፍኖ ግን አልቆመም፣ የራዲያተሩንም ቀጫጭን መተላለፊያ ሁሉ ደፈነው። ሎሚው ሁለቱንም ከፈተ፤ ሞተሩም ያን ቀን ስላልጋለ ጠብታው ሳይተን ጆንያው ላይ ደረሰ። ፓምፕ ከባሕር ዳር ተፈልጎ መጣና መካኒኩ ገጠመው። እታለም ከእንግዲህ ፍል ውሃው ለሰው ብቻ ነው ብላ ከለከለች። ያን ሰሞን የመጀመሪያው ዝናብ ቆርቆሯችንን ሲመታ ሦስታችንም ድስትና ባልዲ ይዘን ወጣን፤ የዝናብ ውሃ ኖራ የለውም፣ ለመኪናው ይጠራቀም አለች። እናቴ በዝናቡ መሃል ቆማ እንደ ልጅ ትስቅ ነበር። እንዲህ ስትስቅ ከአባቴ ሞት በኋላ አላየኋትም።

ከዚያ በኋላ ውሃው ንቅንቅ አላለም። ከሆሳዕና እስከ ፋሲካ፣ ከፋሲካም ወዲያ፣ ጣቴ ገና ጫፉ ሲገባ ይርሳል። እኔም አረፍኩ። ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ አንድ ሙሉ ትምህርት ተከታተልኩ፤ መምህሬ አሞሽ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እታለም ቀረችልን ብዬ ለመኪናው ሳይቀር ነገርኩት።

ከዳግማይ ትንሳኤ በኋላ ባለ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አልጋዋ ላይ የተከፈተ ሻንጣ አየሁ። እታለም ልብስ ታጥፋለች። ቆማ ነው የምታጥፈው። እናቴ ጓዳ ገብታ አትወጣም።

«ውሃውኮ ሙሉ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ሙሉ ስለሆነ ነው የምሄደው» አለችኝ። «እየጎደለ ትቼላችሁ ብሄድ እናትሽ በምን ታነሳዋለች? አያ ስማቸው ያሽከረክራሉ፣ እናትሽ ታስተዳድራለች፣ አንቺ ትማሪበታለሽ። እስኪድን ነበር የጠበቅሁት።»

ለምን አትቀመጪም አልኳት። ቀሚሱን ሻንጣው ውስጥ አስገባች።

«ያን ሁሉ ዓመት ሰው ቤት ቆሜ ነው የኖርኩት፣ ትርንጎ። መቀመጥ ሞከርኩ፤ አየሽኝ አይደል ስሞክር? አልቻልኩበትም።»

ተናደድኩባት። ያን ሁሉ ጠዋት ጣቴን የከተትኩት፣ ግንባሬን የቀባሁት፣ ሎሚ የጨመቅሁት እሷን ለመሸኘት እንደሆነ ሲገባኝ የምይዘው የምጨብጠው አጣሁ። ሮጬ ወጥቼ የመኪናውን ጎማ በእርግጫ መታሁት። ምንም አላለም።

የሄደችው በማለዳ ነው። ሻንጣዋ ተጫነ፤ እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ በሩ ላይ ቆማለች። አያ ስማቸው መሪው ላይ ተቀምጠው ቁልፉን ሳያዞሩ ወደ እኔ አዩ። እኔ ሳላይ ሞተር አስነስተው አያውቁም፤ እኔ ጎድሏል ካልኩ ደግሞ እስኪሞላ አይንቀሳቀሱም። ወንበሩን በትከሻዬ ደግፌ አነሳሁ። ክዳኑን ከፍቼ ጣቴን ከተትኩ። ውሃው አፉ ድረስ ነበር፤ ጥርት ያለ፣ የዝናብ ውሃ።

ቀና ስል እታለም በጋቢናው በር በኩል ቆማ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ምን ማለት እንደምችል የምታውቅ መሰለኝ። ጎድሏል ብል፣ ፈሷል ብል፣ ዛሬ አይሄድም ብል አያ ስማቸው ለማረጋገጥ ጎንበስ አይሉም፤ ቃሌን ያምናሉ። አውሮፕላኑም አይጠብቃትም። ጣቴን በቀሚሴ ጠረግሁ።

«ሙሉ ነው» አልኩና ክዳኑን አጥብቄ ዘጋሁት።